ሀምዱ ዓሣ ነባሪውን ያየበት ጠዋት

ሀምዱ ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። ጠዋት ለንደን ውስጥ ዊልስደን ካለው ቤቱ ሲወጣ ቆሞ አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ወደሚቀጥለው ፌርማታ ሲራመድ አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ ጥሎት ያልፋል!

ሥራው ቴምዝ ወንዝ ላይ ነው፣ ቆሻሻ በምትለቅም ጀልባ። እሱ ከፊት ቆሞ በመንጠቆ ላስቲክና ጠርሙስ ያወጣል፤ ከኋላ የሚነዱት ጋሽ መርዕድ ናቸው፣ የድሮው የምፅዋ ባሕረኛ። ሞተሩ ስለሚጮህ የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነው። አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲያወራ ሌላው መስማት እንጂ መናገር አይችልም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ሀምዱ ከፊቱ ግራጫ ነገር አየ። የተገለበጠ ታንኳ መሰለው። ታንኳው ተነፈሰ! ዓሣ ነባሪ፣ ያውም ገና ያላደገ፣ ባሕሩን ስቶ ለንደን የገባ።

ጀልባዋ እየገሰገሰች ነው፤ ከሥሯ የሚሽከረከረው ብረት ሊቆራርጠው ነው። ሀምዱ ግን ያን ዕለት አርፍዶ ስለመጣ ጋሽ መርዕድን ገና ሰላም አላለም። ታላቅን ሰው ሰላም ሳይሉ ማዘዝ ከየት ይመጣል? ቁልፉን ተጫነ፤ ምላሱ በለመደው ሄደ።

«ጋሽ መርዕድ፣ እንደምን አደሩ? ወገብዎን ተሻለዎት? እትዬስ? ልጆቹስ ደህና... ያጥፉት! ሞተሩን ያጥፉት! ኧረ አጥፋው!»

ሞተሩ ጸጥ አለ። ጀልባዋ ተንሸራታ ከዓሣው አጠገብ፣ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

«አንተ ባለጌ! ዓሣ እያለ ስለ ወገቤ ትጠይቀኛለህ?» አሉ ጋሽ መርዕድ እየሮጡ መጥተው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ዓሣውን አዩት። የዓሣ አጥማጆች ሰማያዊ ገመድ አፉ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

ሀምዱ መንጠቆውን አነሳ።

«እንዳትነካው! ትገድለዋለህ። ሥራውን ለሚያውቁት ደውል።»

ደወለ። እስኪመጡ ድረስ ሀምዱ ጀልባዋ ጫፍ ላይ እየተንጎራደደ የሚያልፈውን ጀልባ ሁሉ «በዚያ ዙሩ! ቀስ!» ሲል ድምፁ ተዘጋ። ባለሙያዎቹ መጥተው ገመዱን ቆረጡለት። ከባሕር ወደ ወንዙ ሞልቶ የገባው ውኃ ተመልሶ መሸሽ ሲጀምር ዓሣውም አብሮ ሄደ።

«ይደርሳል ኣ?» አለ ሀምዱ።

«ገመዱ ወልቆለታል።»

«እሱንማ አየሁ። ይደርሳል ወይ ነው የምልዎ?»

«እዚያ ደግሞ ትልልቆቹ መርከቦች አሉ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ባሕሩ ወዳለበት ወደ ምሥራቅ እያዩ።