ለልጄ የመጡ ጠያቂዎች

በልጅነቴ መታመም እወድ ነበር። ጉንፋን ቢጤ ሲይዘኝ እናቴ የራሷ አልጋ ላይ ታስተኛኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤት በየተራ ብቅ ይላል። አንዷ ብርቱካን፣ አንዱ ብስኩት ይዞ። ሁሉም ግንባሬን ዳበስ እያደረጉ የየራሳቸውን በሽታ ይሰጡኛል። አንዷ ብርድ ነው ስትል ሌላዋ ምች ነው ትላለች፤ ሦስተኛዋ ዓይን ነው ብላ እናቴን ትቆጣለች፣ ለምን አጥበሽ አበጥረሽ ደጅ አወጣሽው ብላ። እኔ መሐል ተጋድሜ እንደ ሹም እጠየቃለሁ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ቅር ይለኝ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር የስድስት ዓመት ልጄ አተኩሷት ከትምህርት ቤት ስትቀር፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ማጽናኛ ይኸው ነበር። «አይዞሽ፣ ዛሬ ሰው ይመጣል» አልኳት።

እናቷ አልነበረችም። የራሷ እናት ታመውባት ልታስታምም አዲስ አበባ ከሄደች ሰንብታለች። እኔና ልጄ ሲያትል አጠገብ፣ ቡሪየን ባለችው አፓርታማችን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ኤርፖርት ሻንጣ ነው የምጭነው፤ ጠዋት ደውዬ እንደማልገባ ተናገርኩ። ሐኪሙ ከአንድ ቀን በፊት አይቷታል። ቫይረስ ነው፣ ፈሳሽ ስጣት፣ ያልፋል አለኝ። መኪና ማቆሚያ ስፈልግ የፈጀሁትን ያህል ጊዜ እንኳ አላነጋገረኝም።

ልጄ ነገሩን ከምር ወሰደችው። ጸጉሯን እንዳበጥርላት አዘዘችኝ። ቢጫ ቀሚሷን ከፒጃማዋ በላይ ለብሳ ሶፋው ላይ ተሰየመች። እኔም አላነስኩም፤ ሶፋው ላይ የከረመውን የታጠበ ልብስ ጠራርጌ መኝታ ቤት ወረወርኩ፣ ቤቱን ጠረግኩ፣ ትልቁን ፔርሙስ ሙሉ የዝንጅብል ሻይ አፈላሁ። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ሬንተን የሚኖረው የሥራ ጓደኛዬ ደነገጠልኝ። «ውይ ሶሪ! ምን ነካት? ሶ... ይተላለፋል እንዴ? እኔ ጋ ቤቢ አለ እኮ።»

«ጉንፋን ነው ባክህ።»

«ኦኬ፣ በቃ ዊኬንድ ላይ ኮል አደርግሃለሁ።»

ማውንትሌክ ቴራስ፣ ልጆቻቸው ጋ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ። ለእሳቸውም ደወልኩ። «እትዬ፣ ልጅቷ አሟት ነው» ስላቸው ድምፃቸው ተሰበረ። «የኔ ልጅ፣ በእግር የሚደረስ ቢሆን አሁኑኑ ነበር የምነሳው። ልጆቹ ሥራ ናቸው፤ ማን ይነዳኛል?» ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌላቸው ከዚያው ሆነው መረቋት። ልጄ ምርቃቱ እስኪያልቅ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። የቀሩት ቀይ ልብና የተጋጠሙ እጆች በቴክስት ላኩ። አልወቅሳቸውም። የእነሱ ልጆች ሲታመሙ እኔም ልብ ነው የምልከው።

ጠዋት እናቷ ደውላ ነበር። እዚያ መሽቷል። ከኋላዋ ሳቅ፣ የብርጭቆ ኳኳታ፣ የአዛውንት ሳል ይሰማል። «ቆይ ልውጣ፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ አልሰማህም» አለችኝ። በታመሙት አማቴ ቤት ቀናሁ። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ።

ልጄ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መኪና ማቆሚያውን ስትጠብቅ ዋለች። አንድ መኪና ገብቶ በቆመ ቁጥር «እነሱ ናቸው?» ትላለች በእንግሊዝኛ። ሁልጊዜም እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ፖስተኛው መጣ፤ ሄደ። የታችኛው ቤት ሰውዬ ውሻውን ይዞ ወጣ። ዝናቡ እንደሁ መች ያቆምና። በዚህ ወር ቀኑ ሳይጀመር ያልቃል፤ የግቢው መብራት ሲበራ ልጄ ቢጫ ቀሚሷን አወለቀች። ያኔ አፌን ቢቆርጡልኝ ደስ ባለኝ።

የትኩሳት ሽሮፕዋን ሰጥቼ አስተኛኋት። መብራቱን ላጠፋ ስል ግን እጄን ያዘችኝ።

«በጣም መጥፎ በሽታ ነው የያዘኝ?»

«ኧረ በጭራሽ! ጉንፋን ነው።»

«ታዲያ ለምን ፈሩኝ? አንተ ይመጣሉ ብለህ ነበር።»

ሥራ ነው፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው፣ ዝናብ ነው አልኳት። ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱም አልጠቀማትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እንቅልፍ ከወሰደኝ ብሞትስ?» አለች ቀስ ብላ። አቀፍኳት፣ ትኩስ ነች፣ ትንቀጠቀጣለች። እንዲህ ያለ ፍርሃት ሲመጣ እኛ ቤት መልስ የሚሰጠው እናቴ ብቻዋን አልነበረችም፤ ቤት ሙሉ ሰው ነበር። እኔ አንድ ነኝ።

«ቆይ፣ ሰው መጣ መሰለኝ» ብዬ ተነሳሁ።

የሚስቴን ሻርፕ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ደረጃው ወጣሁና የገዛ በሬን አንኳኳሁ። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን የማናውቅ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ዕቃ ተሸክማ ስትመጣ አየችኝ። ቁልፍ ጠፍቶብህ ነው ወይ አለችኝ። ልጄ ታማብኝ ልጠይቃት ነው አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና በሯን ቶሎ ዘጋች።

«ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ?» እያልኩ ዘው አልኩ፤ ያቺን የሰፈራችንን ዓይን ነው ባይ ሆኜ። «እኔን! እኔን ያድርገኝ! ማነው ያየብኝ ይቺን ልጅ?» ግንባሯን ዳበስኩ፣ አባቷን ረገምኩ። ልጄ መጀመሪያ አፈጠጠችብኝ፣ ቀጥሎ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብታ ሳቀች። እንግዶቹ እንግሊዝኛ አያውቁም ብያት ስለነበር በአማርኛ ለመመለስ ትታገላለች።

ወጣሁ፣ አንኳኳሁ። ጉሮሮውን እየጠራረገ የሚገባው የሰፈራችን ጡረተኛ ሆኜ ከኩሽና ብስኩት አመጣሁላት። ወጣሁ፣ አንኳኳሁ። ምች ነው የምትለዋ መጣች። አሁን ከአልጋዋ ሆና «ግቡ!» ማለት ለምዳለች።

በመጨረሻ የመጣሁት በልጅነቴ ከእኛ ቤት ቀጥሎ የነበረችውን ጎረቤት ሆኜ ነው። «እግዜር ይማርሽ» አልኩና ሳላስበው፣ ልክ እሷ ትል እንደነበረው፣ «አስታማሚሽስ? በረታ?» አልኩ። እንዲህ ብላ ነበር ወደ እናቴ የምትዞረው። ጎረቤቶቹ እኔን ለአፍታ ጠይቀው ከእናቴ ጋር ነበር የሚያመሹት፤ እናቴ ከእነሱ ጋር ነበር የምትተነፍሰው። እኔ ሁሉም ለእኔ የመጡ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ውጭ ያለው አባቷ እንዳይሰማ።

«አባዬ ደህና ነው» አለች። «ግን ሰው የለውም። ትንሽ ቁጭ በዪ፣ አሁን ይመጣል።»

ሻርፑን ሳላወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።