«ገመዱን ያዥልኝ» ይሉ የነበሩት አጎቴ

አጎቴን አላህ ይማራቸው፤ ካረፉ ሁለት ወር ሆነ። ኮምፒውተር ሲጠግኑ የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው እኔን ያስይዙኝ ነበር። «ገመዱን ያዥልኝ፤ አንቺ እጅ ላይ ካለ ማንም አይሰካብኝም። የሚያስተማምነው ፈሪ ሰው ነው» ይሉና ይስቁብኛል።

ሰሞኑን ካሮልተን ከተማ ባለው ቤታችን የልጄ ኮምፒውተር አልበራ አለ። መብራት የሚሰጠው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት፣ ተቃጥሏል። ልጄ ለነርስነት ፈተናዋ የምታጠናው እዚያ ላይ ስለሆነ አዲስ ገዝታ ራሷ ልትቀይረው ተነሳች። እኔም ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ገመዱን ይዤ ቆምኩ።

«ማሚ፣ ጨርሻለሁ። ሶ፣ ስጪኝ ልሰካው።»

እጄ እምቢ አለ። አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ «ውጡ፣ መጀመሪያ ብቻዬን ልሞክረው» ብለው በሩን ይዘጉብን ነበር። አሁን እንዲህ የሚል ሰው በቤቱ የለም።

«ውጪ» አልኳት።

«ማሚ! አንቺ እኮ አምፖል መቀየር እንኳን ትፈሪያለሽ!»

«ውጪ ብያለሁ!»

በሩን ዘግቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሰካሁት። ማራገቢያው ዞረ። ልጄ ከበሩ ወዲያ «ሠራ?» ትላለች፤ እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ለካ እሳቸውም እየፈሩ ነበር የሚያስወጡን።