ግንባሯን ቅቤ የተቀባች ፒክአፕ

ነቀምቴ ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ጭጋግ ወርዶ ነበር። ዛሬ ሳስበው እውነት ይሁን ሕልም ይምታታብኛል። ግቢው ውስጥ የቆሙት መኪኖች ጣሪያቸው ብቻ ነበር የሚታየው። አለቃዬ ሙሴ ቪቶ፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አገራችን የቀረ ሽማግሌ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣና የሞተር ማዞሪያውን ብረት፣ ማኖቤላውን፣ አስጨበጠኝ። "ሞተሩን ስታዞር አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አድርግ። ወደ ኋላ ከመታህ ይሰብርልሃል" አለኝ። የዚያን ቀን ሌላ ትምህርት አልነበረም።

ረዳት ሆኜ ጎማ ለጠፍኩ፣ ብሎን በናፍጣ አጠብኩ። ቆይቼ ሁለተኛ መካኒክ ሆንኩ። በዚያው ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ መኪና አስመጪ ኩባንያ ጋራዣችንን የወለጋ ወኪሉ አደረገው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ዋስትና ነበረው። በዋስትናው ዘመን ሞተሩ ቢበላሽና ጥፋቱ የፋብሪካ ሆኖ ቢገኝ ኩባንያው በነፃ ይቀይርለታል። ነገር ግን የኩባንያው መሐንዲስ መጥቶ ሳያይ ሞተሩን መፍታት ክልክል ነው።

ሙሴ ቪቶ በዚህ ሕግ ይበሳጭ ነበር። "በሽተኛው ነቀምቴ፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ! እኛ ምን ልንሆን ነው፣ አልቃሽ?" ይል ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ኑጉ አብቦ ከሲሬ ወዲህ ያለው ሜዳ ሁሉ ቢጫ ነበር። ኦቦ ገመቹ የሚባል ወጣት ነጋዴ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ወርዶ እየሮጠ ጋራዥ ገባ። አባቱ የተወለትን የቡና መሬት ሸጦ ከዚያው ኩባንያ ፒክአፕ ከገዛ ገና ወሩ ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ድንገት ቀጥ ብላለች።

"እናቴን ነቀምቴን ላሳያት ይዣት ስመጣ ነበር። አሁንም እዚያው መኪናዋ ውስጥ ናት፤ ጥያት አልወርድም ብላለች" አለኝ።

በጋራዡ ካሚዮን ሄድን። ፒክአፗ በአበባው መሀል ቆማ ሳያት ሥራዬን ረሳሁት። ነጭ ናት፣ አዲስ ናት፣ ንብ ይዞርባታል። አንዲት አሮጊት ጋቢና ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ስጠጋ ግን የተቃጠለ ቅቤ ሸተተኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ገመቹ መኪናዋን ይዞ አገሩ ሲገባ እናቱ አዴ ልቂቱ ግንባሯን ቅቤ ቀብተው መርቀዋታል። አክስቶቹም፣ የአባቱ ዘመዶችም በየደጃቸው እያስቆሙ እንደዚያው አድርገዋል፤ እርጥብ ሣርም ሰክተውባታል። የመኪና ግንባር ማለት ደግሞ ራዲያተሩ ፊት ያለው ፍርግርግ ነው። ቅቤው ቀልጦ ወደ ውስጥ ገባ፤ አቧራውን፣ የሣሩን ብናኝ፣ የኑጉን አበባ ለቀመ። ራዲያተሩ እንደ ቤት ግድግዳ ተመርጎ ነፋስ አላስገባ አለ።

"ለምን አልጠረግኸውም?" አልኩት።

"የምርቃት ቅቤ ይጠረጋል እንዴ?" አለኝ ገመቹ። እኔም እዚያው አገር ያደግሁ ነኝና ሰንሰለቱን ላወርድ ሄድኩ።

በሰንሰለት ጎትተን አስገባናት። በማኖቤላ ሞተሩን ለማዞር ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ፒስቶኖቹ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቀዋል። አዴ ልቂቱ ነቀምቴ ያለች እህታቸው ቤት አርፈው፣ መሐንዲሱ እስኪመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ጋራዡ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቤተሰብ እንደታመመበት ሰው መኪናዋን ይጠብቃሉ። ገመቹ ለብቻ ወስዶኝ፣ "አደራህን፣ የቅቤውን ነገር እናቴ እንዳትሰማ። መሬቱ ሄዷል፣ መኪናዋም ትሂድ። እሷ በእጄ አጠፋሁት ብላ እንድትኖር አልፈልግም" አለኝ።

መሐንዲሱ አቶ ሙሉጌታ ቁጥብ፣ ንጹሕ ሰው ነበሩ። ካፖርታቸውን አውልቀው ኮፈኑን ከፈቱ። ራዲያተሩን በካቻቢቴ ጫር አደረጉት፤ ቢጫ ጭቃ ወጣ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉ።

"ቅቤ ነው፣ ጌታዬ" አለ ሙሴ ቪቶ።

"እንግዲያው የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። ዋስትናው አይሸፍነውም።"

ገመቹ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። አዴ ልቂቱ አማርኛ አይሰሙም፤ የልጃቸውን ፊት አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ኢልማ ኮ፣ ማል ጄዳኒ?" አሉኝ፤ ልጄ፣ ምን አሉ ማለታቸው ነው።

መፍቻዬን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

"ለምን ትደብቀኛለህ?" አሉ በኦሮምኛ። "የራሴን ቅቤ ሽታ የማላውቅ መሰለህ? መንገድ ላይ ሳለሁ ነው ያወቅሁት። እግሬን ሲያቃጥለኝ፣ 'ይቺ ነገር አተኮሳት እንዴ?' ብዬው ነበር። ያችን መስታወት አይቶ፣ 'ደህና ናት፣ አዮ' አለኝ።"

ገመቹ አንገቱን ደፋ። እኔ የሰማሁትን አንዲት ቃል ሳላስቀር ለመሐንዲሱ ተረጎምኩ። እሳቸው ካፖርታቸውን ሊለብሱ አንድ እጃቸውን አስገብተው ነበር፤ መልሰው አወጡት።

"የትኛውን መስታወት?" አሉ።

ገመቹ የሙቀት መለኪያውን አሳያቸው። "መርፌው መሀል ላይ ነበር። ሁልጊዜም መሀል ላይ ነው" አለ።

"አሁንስ?"

ሁላችንም በጋቢናው በር አንገታችንን አስገባን። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ስንት ቀኑ፤ መርፌው መሀል ላይ ነው። መሐንዲሱ መለኪያውን አስፈቱኝ። ሞተሩ ውስጥ የሚገባውን ጫፉን የፈላ ውኃ ውስጥ ነከርን፤ አልተነቃነቀም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከርን፤ ያው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የሞተ ነበር።

አቶ ሙሉጌታ እጃቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ "ቅቤው አፍልቷታል። መርፌው ቢሠራ ግን ይኼ ልጅ አይቶ ያቆማት ነበር፤ ሞተሩም አይጣበቅም። ያላስጠነቀቀው የእኛ ዕቃ ነው። ሞተሩ ይቀየራል" አሉ።

ይህንንም ለአዴ ልቂቱ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ሙሴ ቪቶ አፍንጫውን ተናፈጠና ረዳቶቹ ላይ ያለ ምክንያት ጮኸባቸው።

አዲሱ ሞተር ከአዲስ አበባ መጥቶ ገጠምነው። ፒክአፗ ከጋራዡ በወጣችበት ጠዋት ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። አዴ ልቂቱ በቅል ቅቤ ይዘው መጡ። ገመቹ ራሱ ፈቀቅ ብሎ የመኪናዋን ፊት ለቀቀላቸው። "መርቂያት፣ አዮ" አላቸው።

አሮጊቷ ወደ መኪናዋ አልሄዱም። የልጃቸውን ራስ ጎንበስ አድርገው ቅቤውን ፀጉሩ መሀል አኖሩት።

"እሷ እንዳትግል ውኃ አላት አሉኝ። አንተ ምን አለህ?" አሉት።

ከዚያ ወዲህ ድንገት የቆመ መኪና ሲመጣልኝ ሹፌሩን ብቻ ጠይቄ አላውቅም። ውስጡ ተቀምጦ የመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ።