እናቴ በአፏ የያዘችው ጥርስ

በትምህርት ቤታችን ግምገማ ላይ «አፉ ይቀድመዋል» ተብሎ ተይዞብኝ ነበር። ያኔ በጣም ተናደድኩ፤ አሁን ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። ፍኖተ ሰላም የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። እናቴ የምትኖረው ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የተወለድኩበት መንደር ውስጥ ነው።

አያቴ ከዓባይ በረሃ ያመጣው፣ ድንጋይ የሆነ አንድ ትልቅ ጥርስ ነበራት። ጣት ያህል ይረዝማል፤ ላዩ ጉብ ጉብ ያለ ነው። ከጥፋት ውሃ በፊት የነበሩት የረዓይት፣ የእነዚያ ግዙፍ ሰዎች ጥርስ ነው ይባላል። ጥርሱን ያመመው ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ጉንጩን ያሽበታል። እሷም ሕመሙ ሲብስባት ጫፉን ነክሳ ትቆያለች።

በክረምት ሥልጠና ላይ አንድ መጽሐፍ ስገልጥ ቁርጥ ያንን ጥርስ አየሁ። የከርከሮ ዘመድ የሆነ፣ ዘሩ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈው የዱር እሪያ ጥርስ ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። ቤት እንደገባሁ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ «እማየ፣ ይኼ'ኮ የእሪያ ጥርስ ነው!» አልኳት።

እናቴ ቆራቢ ናት። የአሳማ ስም ሲነሳ እንኳ እንትፍ ትላለች።

«በአፌ የያዝሁት?» አለች። እሁድ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ቅጽሩ ውስጥ ግን አልገባችም፤ ከአጥር ውጭ ቆማ አስቀደሰች። የንስሐ አባቷ «ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፤ ግቢ» ቢሏት እግሯ እምቢ አላት።

«ልጀ፣ እርግጠኛ ነህ?» ትለኛለች በሄድኩ ቁጥር።

ያየሁት አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ጥርሱን በእርሳስ ሥዬ ለቀድሞ የኮሌጅ መምህሬ ላክሁለት። ከዚያ መቀመጫ አጣሁ። ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይጠፋኛል፤ ፖስታ ቤት በቀን ሁለቴ እመላለሳለሁ። ተሳስተሃል መባልን እንዲያ ተመኝቼ አላውቅም።

መልሱ መጣ፤ አልተሳሳትክም፣ እንኳን ደስ ያለህ ይላል።

ቅዳሜ ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳወጣ ሳወርድ ደረስኩ። «እማየ፣ ተሳስቻለሁ። ተራ ድንጋይ ነው» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«የእሪያ ነው ያልኸኝ ቀን'ኮ ፊትህ በርቶ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲያ እርግጠኛ ነህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።