የሱሉልታ ወተትና ሁለቱ ፕሮግራሞች

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራው ዮናታን ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳጥን ሥሎ፣ «እነዚህ ሁለት ፕሮግራሞች በምን ይነጋገሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተራ ጥያቄ ነው፤ በዓመት አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ። እኔን ግን ሁልጊዜ ሱሉልታ ይወስደኛል።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነው። እኔና የቡራዩው ልጅ ገመቹ ወተት ለሚሰበስብ ድርጅት ሁለት ፕሮግራም ጽፈን ነበር። አንደኛው ሱሉልታ ባለው መረከቢያ ሚዛኑን ያነባል፤ ሁለተኛው ኪሎውን በኢንተርኔት አዲስ አበባ ላለው ቢሮ ይልካል።

«የመጀመሪያው ጽፎ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥ፤ ሁለተኛው ሲመቸው ያንሳው» ብሎ ነበር ገመቹ።

«እሱማ ያረጀ ዘዴ ነው» አልኩት። እኔ የፈለግሁት ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ነው፤ አንዱ ይልካል፣ ሌላው «ደርሷል» እስኪለው ይጠብቃል። አዲስ የተማረ ሰው እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ካልታየሁ ይላል። ገመቹ ተከራክሮ ሲደክመው ተወኝ።

ኅዳር ማለቂያ ላይ መንገዱ በተቃውሞው ሁለት ቀን ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ገባን። ሜዳው ላይ ውርጭ አርፏል። መረከቢያው ጋ ስንደርስ ጀሪካን የያዘው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሁለተኛው ፕሮግራም መላክ ስላቃተው መልስ አይሰጥም፤ የመጀመሪያውም መልስ እየጠበቀ ሚዛኑን ይዞ ቆሟል። ተረካቢው ኦቦ ለሚ ደግሞ ደረሰኝ ካልወጣ ጠብታ እንዳይቀበሉ ታዘዋል። ጾመ ነቢያት ስለገባ ሌላ ገዢ የለም።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ ከሰልፉ መካከል አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «እስከ መቼ ነው የምንቆመው?»

«ትንሽ ይታገሡ። ካልሆነስ ተንጦ ቅቤ አይወጣውም?»

«መናጫው ሞልቷል፤ ያለ ዕቃ ሁሉ ሞልቷል። ላም መንገድ ተዘጋ ብላ ወተቷን አትይዝም። ጀሪካኑን ለማታ እፈልገዋለሁ።»

ከዚያ ቦዩ ዳር ጎንበስ ብለው የያዙትን ሁለት ጀሪካን ወተት ደፉት። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉኝ ክዳኑን እየገጠሙ።

«ኔትወርኩ ነው፣ አዴ።»

ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ኔትወርክን ይረግም ስለነበር አመኑኝ። «ዋቃ ይፍረድባቸው» ብለው ሄዱ።

ገመቹ ሰምቶኛል። ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠ፤ እስከ ምሳ ድረስ እሱ ባለው ዘዴ ቀየርነው፣ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ። ኢንተርኔቱ ለቀናት ባይመለስም ሚዛኑ ዳግመኛ አልቆመም። መንገድ ዳር ሽሮ ስንበላ ገመቹ «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ፊት ለፊት መነጋገር መጥፎ ነው አልልም፤ መልሱ እዚያው የሚፈለግበት ሥራ አለ። አንዱ ሲጠፋ ሌላው መቀጠል ካለበት ግን፣ በር ላይ የቆመውን ሰው አስቦ መምረጥ ነው። ይህን ሁሉ ለዮናታን ነገርኩት።

«ያው ጥፋቱ የኔትወርኩ ነዋ!» አለኝ እየሳቀ።

«አይደለም፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ይህን መስማት የነበረበት ግን ዮናታን አልነበረም።