የመምህር እንድሪስ ሳፋ

ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን ሳወልቅ የአውራ ጣቴ ጥፍር አብሮ ተነቅሎ ወጣ። ከጠቆረ ሰንብቷል፤ ከሥሩ የወጣው ሽታ ግን ቁርሴን አስጠላኝ። ባለቤቴ ዘሃራ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና "የዚያ አዲስ ጫማ ጣጣ ነው" አለችና ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበችልኝ፤ አንድ ጭብጥ ጨውም ጨመረችበት። እግሬን ነከርኩ። ጨዉ ቁስሉን ሲነካው የጨፋው አዳሪ ትምህርት ቤት በረንዳ ድቅን አለብኝ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የትምህርት ቤቱን ዘመን ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ሰዎች አሉ፤ እኔ ላይ የሚመጣብኝ ማቅለሽለሽ ነው።

አባቴ ከሚሴ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከመናኸሪያ ልጆች ጋር መዋሌ አላምር ሲለው ወስዶ እዚያ ጣለኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አብዛኞቹ አዳሪዎች የገጠር ልጆች ስለነበሩ ከአማርኛው ይልቅ ኦሮምኛው ይቀናቸዋል። እኔ ሁለቱንም እችላለሁ፤ ግን ከእነሱ ጋር እንዳልቆጠር ብዬ አማርኛ ብቻ እናገር ነበር። የከተማ ልጅ ነኛ! ያኔ የነበረኝ ሀብት አንድ የቆዳ ጫማና ይሄ ኩራት ብቻ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት መስከረም ነው። የቦርከና ወንዝ ገና አልጎደለም፣ የሸለቆው ጥቁር አፈር ገና አልጠጠረም፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ውጭውን ላየው ያምራል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። መኝታ ቤቱ እርጥብ ጆንያና የበሰበሰ እግር ይሸታል። ጭቃው በጣት መሀል ገብቶ ሥጋውን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ይልጠዋል። እራት የበቆሎ ንፍሮ ነው፤ ነቀዙ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እኛም በማንኪያ እየገፋን እንበላለን።

የአዳሪዎቹ ኃላፊ መምህር እንድሪስ ይባላሉ። ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ትዳር አልያዙም፣ ከመኝታ ቤቶቹ ጫፍ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ሰው ሰላም ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን አይደለም፣ እግሩን ነው። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ሳፋ ይደረደራል፣ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ ይቀዳል። በደንቡ ትልቁ ተማሪ የትንሹን እግር ያጥባል፣ በጣም የባሰበትን እሳቸው ራሳቸው ያጥባሉ። "ልጅ የራሱን ቁስል ይደብቃል፣ ከሚያጥበው ሰው ግን አይደብቀውም" ይሉ ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ጀማል የሚባል የአርጡማ ልጅ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እግሩን ሳፋው ላይ ሲያነሳ በጣቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ውሃ ውስጥ የከረመ ዳቦ መስሏል፤ ቢጫ ፈሳሽም ይወጣዋል። ሽታው እስከ ጉሮሮዬ ገባ።

"እኔ የማንም እግር አጣቢ አይደለሁም!" ብዬ ሳፋውን በጫማዬ ገፋሁት። ውሃው ጀማል ሱሪ ላይ ተደፋ።

መምህር እንድሪስ አልጮሁም። ሌላ ውሃ ቀድተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። "ሂን ሶዳቲን፣ ጀማል፤ አትፍራ" እያሉ ጣቶቹን አንድ ባንድ እየከፈቱ በጥጥ አጠቡለት። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"አስጠላህ አይደል፣ ሰይድ?"

ጫማዬ ላይ የፈናጠቀውን ውሃ መጥረግ ጀመርኩ።

"እኔንም ያስጠላኛል" አሉ። "ግን ካልታጠበ ይሄ እግር ይቆረጣል።"

ምነው በጥፊ በመቱኝ! ሁሉም እያየኝ ያን ካሉኝ በኋላ ቂም ያዝኩባቸው።

ወር ሳይሞላ ግምገማ ተጠራ። ከበላይ የመጣው ሰውዬ ቦርጩን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ "በኃላፊያችሁ ላይ ቅሬታ ያለው ይናገር" አለ። መምህር እንድሪስ ያን ሰሞን የነቀዘውን በቆሎ አልቀበልም ብለው መልሰውበት ኖሯል፤ እኛ አላወቅንም። እኔ ግን ባውቅም አልመለስም ነበር። እጄን አወጣሁ። "እንደ አሽከር እግር ያሳጥቡናል፣ ክብራችንን ይነካሉ" አልኩ። የሰውዬው ፊት ሰርግ የተጠራ መሰለ።

"እውነት ነው?" ሲል ጠየቃቸው፤ በዕድሜ ሳይበልጣቸው "አንተ" እያለ።

"አሳጥቤአለሁ፤ እውነት ነው።"

"ሌላ የምትለው አለ?"

"የጀማል እግር አልዳነም። ማን ያጥበዋል?"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ከነቀዙም ከመግሉም ይልቅ እሱ ይቀፈኛል።

መምህር እንድሪስ ጨፋ ሮቢት ከተማ የእህል መጋዘን ጠባቂ ተደርገው ሄዱ። ሳፋዎቹ የኩሽናው ድንች ማጠቢያ ሆኑ። እሳቸው በገበያ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨው ይዘው ግቢው በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ዘበኛው እንዳያስገባቸው ታዟል። አንድ ቀን አየኋቸው። እሳቸው ሳያዩኝ በጓሮ ዞርኩ። የጀማል እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ አበጠ፣ አባቱ መጥቶ በአህያ ጭኖ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

እሳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ በረንዳቸው ተመለሱ፤ ዕድሜያቸውንም እዚያው ጨረሱት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ጡረታ ወጡ። የመሸኛው ኮሚቴ "ብዕርህ ጥሩ ነው" ብሎ የሕይወትና የሥራ ታሪካቸውን እንዳቃናለት ሰጠኝ። ታታሪ፣ ቅን፣ ተግባቢ፤ ለማንም የሚለጠፍ ቃል ነው። ሁለቱ ዓመት "በልዩ ልዩ የሥራ መስኮች አገልግለዋል" በሚል ታልፏል። እኔ ሰርዤ "በእኔ በሰይድ ክስ ከልጆቻቸው ተለይተው መጋዘን ጠበቁ" ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ አንብቦ "ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ የደስታ ቀን ነው፤ ምን አነካካህ?" አለና የኔን ሰረዘው።

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት መቼም ከብዶኝ አያውቅም።

ለበዓሉ የገዛሁትን ጠባብ ጫማ አድርጌ ከፊት ተቀመጥኩ። ጋቢ አለበሷቸው፣ ታሪኩ ተነበበ። "ልዩ ልዩ የሥራ መስኮች" ሲባል ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ተሰልፈን እንኳን ደስ አለዎት ስንል ተራዬ ደረሰ። እጄን ይዘው ወደ ታች አዩ።

"ሰይድ፣ ይሄ ጫማ ይዞሃል፤ ታነክሳለህ።"

"ደህና ነኝ፣ መምህር። አልሐምዱሊላህ።"

"ጥፍሩ ሳይጠቁር ቤት ብቅ በል። ሳፋ አለኝ።"

ጥፍሩ ጠቆረ፣ ይኸው ወለቀ። ቤታቸው በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የተሰረዘው ወረቀት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ዘሃራ "ሂድና አንብብላቸው" ትለኛለች። አልሄድኩም። ብሄድ እንደማይወቅሱኝ አውቃለሁ። በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው፣ ጣቶቼን አንድ ባንድ እየከፈቱ ያጥቡኛል። እሱን ነው ያልቻልኩት።