ብርድ የምትችለው የጋሽ ይርሳው ጽጌረዳ

በደብረ ማርቆስም በስናንም ያላችሁ የጋሽ ይርሳው ተማሪዎች፣ ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙ፤ መምህራችን በኅዳር ውርጭ ሮብ ገበያ ከተማ በቤታቸው አርፈዋል። ሳል ይዟቸው ከረመና ወሰዳቸው። ለብዙዎቻችሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። እኔ ተማሪያቸውም የአጥር ጎረቤታቸውም ስለነበርሁ ከክፍል ውጭ የሠሩትን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዛቸው። ከታች፣ ከሞቃቱ አገር የሚመጣውን ጽጌረዳ የእኛ ውርጭ በየዓመቱ ይጨርሰዋል፤ በየአጥሩ ያለው ቀጋ፣ የዱሩ ጽጌረዳ፣ ግን ንክች አይልም። «ሁለቱን ማጋባት ነው» አሉኝ። «ልጃቸው ከእናቷ መልክ፣ ከአባቷ ብርድ መቻልን ትውረስ። ቁመቷም አጭር ትሁን፤ የዛሬ ሰው ግቢው ጠባብ ነው።»

ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው የጽጌረዳዋን እምቡጥ ሳይፈነዳ ይከፍታሉ፤ የራሷን የወንዴ ዱቄት ለቅመው የቀጋውን በዶሮ ላባ ይቀቧታል፤ ንብ እንዳይደርስባትም በሻሽ ቁራጭ ያስሯታል። መንደሩ «ጋሽ ይርሳው የአበባ ሽማግሌ ሆኑ» እያለ ሳቀባቸው። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ስንቱ ችግኝ ሞቶ በመጨረሻ አንዲት ተረፈች፤ ድንክ፣ ቅጠሏ የቀጋ፣ አበባዋ ድርብ።

ባለቤቴን በቀበርሁ ሰሞን የመጀመሪያ አበባዋን ቆርጠው አመጡልኝ። «ዓይንሽ ይረፍባት» አሉኝና ሄዱ። ኋላ ቅርንጫፍ ስጠይቃቸው ግን እምቢ አሉ። «ያልተፈተነ ነገር ሰጥቼሽ ቢደርቅብሽ አዝናለሁ። ይችን ውርጭ ትለፍና ለመንደሩ ሁሉ ትደርሳለች።» ያችን ውርጭ ያላለፉት እሳቸው ሆኑ።

ባረፉ ዕለት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ገቡ። እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር አለቅስ ነበር። ስወጣ ጽጌረዳዋ በነበረችበት ቦታ ምሰሶ ቆሟል።

«የት አደረጋችኋት?» አልሁ።

«ቀጋዋን ነው?» አለኝ የድንኳን ኃላፊው። «የለቀስተኛውን ነጠላ እየያዘች አስቸገረችን፤ ከነሥሯ ነቀልናት።»

ክፋት አልነበረበትም። አበባ አልያዘችም፤ ቅጠሏን አይቶ ማን ይለያታል? እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ወደ ጓሮ ስሮጥ ከንፍሮው ድስት ሥር እየነደደች ደረስሁባት። ከዚያ ንፍሮ ለእኔም ዘግነው ሰጡኝ፤ በላሁ።

ጋሽ ይርሳው፣ እንግዲህ በሰላም ይረፉ። አልቅሰንልዎታል፤ ድንኳኑም ሞልቶ ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጡት ተማሪዎችዎ መቃብርዎ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውልዎታል። ትናንት ጠዋት ሄጄ አየሁት። ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቶበታል፤ እሱ ግን ምንም አልሆነም። ቁመቱ አጭር ነው፤ ጠባብ ቦታ ይበቃዋል። ይኸው፣ ብርድ የሚችል አበባ አገኘንልዎ።